የግራው በቀኝ፣ የቀኙ በግራ

ከደሴ ወጥቼ አዳማ መኖር ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ እናቴ አንድም ቀን መጥታ አይታኝ አታውቅም ነበር። «መኪና ገዛሁ» ስላት እንኳ «ማን ይነዳልሻል?» ነው ያለችኝ። እናም ልትመጣ ስትነሳ ሌላ ምንም አልተመኘሁም፤ ከመናኸሪያ ራሴ ነድቼ ቤቴ ላስገባት ብቻ ፈለግኩ።

የምትገባው ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ከፊት ጎማዬ የመቃጠል ሽታ መጣ። እጄን ባስጠጋ ምድጃ ነው። እኔ ደግሞ በፍሬን የምቀልድ ሰው አይደለሁም፤ ነፍስ የአላህ አደራ ናት።

በማግስቱ ጠዋት ሰፈራችን ያለው ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኩ የአርሲ ሰው ናቸው፤ ጢማቸው በሂና የቀላ፣ ሳቂታ።

«አከም ቡልቴ፣ ልጄ?» አሉኝ በኦሮምኛ፤ እንዴት አደርሽ ማለታቸው ነው።

«ነጋ፣ ደኅና ነኝ አባባ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እናቴን መቀበል አለብኝ።»

«ኢንሻአላህ በያ!»

«ኢንሻአላህ።»

መኪናዋን በክሪክ አንስተው የፊት ጎማዎቹን ፈቱ። ካሊፐሩ፣ ያ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ ከሁለት በኩል ጨብጦ የሚያቆመው ብረት፣ በአንደኛው ጎን ነክሶ አልለቅም ብሏል። «አንዱ ከታመመ ሌላውም አይቀርም» ብለው ሁለቱንም ሊያወርዱ ሆነ። እኔ ሳልለካ የማልቀድ ሰው ነኝ፤ ካሊፐሮቹ ከመፈታታቸው በፊት እንዳሉ በስልኬ ፎቶ አነሳኋቸው።

«ለፌስቡክ ነው?» አሉኝ።

«ለልቤ ነው፣ አባባ።»

ሁለቱንም አንድ ሳፋ ውስጥ ከትተው አጠቡ፣ የውስጥ ላስቲካቸውን ቀየሩ። አዛን ሲል ወደ ጁምዓ ሄዱ። ተመልሰው ቢስሚላህ ብለው ገጠሟቸው። የቀረው ከፍሬን ዘይቱ ውስጥ አየር ማስወጣት ነው፦ እኔ መሪው ጋ ተቀምጬ ፍሬን እረግጣለሁ፣ እሳቸው ታች ተንበርክከው ካሊፐሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን ይከፍታሉ።

«ርገጪ! ርገጪ! ያዢ!»

«ይዣለሁ!»

«ልቀቂ!»

ፍሬኑ ግን እንደ ሊጥ እየሰመጠ ወለል ይነካል። ሃያ ጊዜ፣ ሠላሳ ጊዜ። እግሬ ዛለ። በዚህ መሃል እናቴ ደወለች።

«ሞጆ ደርሰናል አለኝ ሹፌሩ። አለሽ?»

«አለሁ እማ፣ አለሁ!»

ከሞጆ አዳማ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። መካኒኩ ደግሞ «ዋናው የፍሬን ፓምፕ ሳይሆን አይቀርም። እሱ ከሆነ ለነገ ነው» አሉኝ። በቃ በባጃጅ ልቀበላት ነው ብዬ ስልኬን ስከፍት የጠዋቱ ፎቶዎች መጡ። አየኋቸው። ወርጄ ጎማው ጋ ጎንበስ አልኩና ደግሜ አየሁ።

«አባባ፣ ይቅርታዎን... ይህቺ ብሎን ጠዋት ከላይ ነበረች። አሁን ከታች ናት።»

ስልኩን አዩ፣ ካሊፐሩን አዩ፣ ሰማዩን አዩ። ከዚያ ጭንቅላታቸውን ይዘው መሬት ላይ ቁጭ አሉና በሳቅ ፈረሱ።

«የግራውን በቀኝ ገጥሜዋለሁ! አየሩ ከላይ ተሰብስቧል፣ እኔ መውጫውን ታች አድርጌለታለሁ! በዚህ ሽበቴ!»

አጠገባቸው ያለው ጎሚስታ ሰምቶ «ልብዎን ጁምዓ ላይ ጥለውት መጡ እንዴ?» ብሎ ጮኸ።

«አንተ ጎማህን ለጥፍ፣ ጆሮ አትጥባ!»

ካሊፐሮቹን አለዋወጧቸው። መጀመሪያ ስረግጥ ብሎኗ ፊሽሽ ብላ አረፋ ተፋች፤ ቆይቶ ጥርት ያለ ዘይት ወረደ። ሌላኛውንም እንዲሁ አደረግን። በመጨረሻ ፍሬኑ እግሬን መልሶ ገፋው። «አልሐምዱሊላህ!» አልን ባንድ አፍ። ያም ሆኖ ግቢው ውስጥ ሁለቴ ዞሬ ሳልሞክር አልወጣሁም።

መናኸሪያ ስደርስ እናቴ ከአውቶብሱ እየወረደች ነው። አቅፋኝ አለቀሰች፣ ሳቀች፣ ከዚያ የመኪናዬን የኋላ በር ከፍታ ቁጭ አለች።

«ሹፌሩስ?»

«ሹፌሯ እኔ ነኝ፣ እማ። ነይ ወደ ፊት።»

መጣች። ሁለት እጇን ፊት ለፊቷ ዳሽቦርዱ ላይ ተክላ ቁርአን መቅራት ጀመረች። አደባባዩ ጋ አንድ ባጃጅ ሳናስበው ፊታችን ጥልቅ አለ። ረገጥኩ። መኪናዋ ግራ ቀኝ ሳትል ቀጥ ብላ ቆመች። እናቴ ቂራቷን አቋርጣ መስኮቱን አወረደችና ባለባጃጁ ላይ ጮኸችበት፦

«አንተ! ልጄ እየነዳች አይታይህም?»