ሞጣ ላይ የተነበበለት ሥራ

ባለቤቴ ካረፈ በሰባተኛው ወር የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ቤቴ መጣ። ስለ ዝናቡና ስለ ጤፉ ብዙ ካወራ በኋላ ከኪሱ ደብዳቤ አወጣ።

"እትዬ፣ ለባለቤትዎ ሞጣ ላይ እውቅና ሊሰጣቸው ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ልጆች ሲረዱ ለኖሩ ሠራተኞች ነው፤ የእያንዳንዱ ሥራ ሰው ፊት ይነበባል። ሄደው ይቀበሉላቸዋል?"

"መቼ ነው?"

"ሁለት ጊዜ ተራዝሟል። መንገዱ ሰላም ከሆነ በሚመጣው ሳምንት ነው።"

"ሙት ዓመቱ ሳይወጣ?"

ደብዳቤውን መልሶ አጠፈው። እሱም የአገሩ ልጅ ነው። እኛ ዘንድ ባሏን የቀበረች ሴት ዓመት ሳይሞላት እልል የሚባልበት ቦታ አትገኝም። ብትገኝም በር አጠገብ ትቀመጣለች እንጂ ሰው ፊት አትወጣም። "ወረቀቱን ይላኩልኝ" ልለው ፈልጌ ተውኩት። ወረቀቱን መላክ ይቻላል፤ ንባቡን መላክ ግን አይቻልም። ባለቤቴ ደግሞ የተመኘው ወረቀት አልነበረም።

ቢቸና ትምህርት ቤት የተቀጠረው በጥበቃ ነው። የልዩ ፍላጎት ክፍል የተከፈተው ከዚያ በኋላ ሲሆን አንድ መምህርትና ዘጠኝ ልጆች ነበሩት። ከልጆቹ አንዷ፣ ያኔ አሥር ዓመት ቢሆናት ነው፣ ደወል ሲደወል ሁለት ጆሮዋን ይዛ ወደ በሩ ትሮጣለች። በሩ ላይ ያለው እሱ ነው። እጇን ይዞ ይመልሳታል፤ በማግስቱ ደግሞ ትመጣለች። ወር ሲሞላ መምህርቷ "ጋሼ፣ እርስዎ ካሉ ትቀመጣለች፤ እባክዎ ትንሽ አብረውን ይሁኑ" አለችው። ያ ትንሽ አሥራ አንድ ዓመት ሆነ።

ሥራው ምን እንደነበር ለሰው ላስረዳ ስል ይጠፋብኛል። ማጠብ ነው፣ ማብላት ነው፣ ሽንት ቤት መውሰድ ነው ብል ውሸት አይደለም፤ ግን እሱ ብቻ አይደለም። አንድ ቀን አሮጌ ካፖርቱን ይዞ መጣና ቁልፎቹን ነቅዬ ትልልቅ እንድተክልለት ጠየቀኝ።

"ምን ያህል ትልቅ?"

"የጠርሙስ ክዳን የሚያህል።"

"አዝማሪ መሰለ ይሉሃል።"

"ይበሉ። አዝማሪ ማን ይጠላል?"

ካፖርቱን ለብሶ ልጆቹ ፊት ይቀመጣል። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ራሱ ቆልፎ የመጨረሻውን ለልጁ ይተውለታል። ልጁ ያችን አንዷን ሲቆልፍ ሥራው ሁሉ በእጁ ያለቀ ይመስለዋል። ልጁ ያችን ሲለምድ ሁለት ይተዋል፣ ቀጥሎ ሦስት። ያች ጆሮዋን ይዛ የምትሮጠው ልጅ የራሷን ሹራብ እስክትቆልፍ ሁለት ክረምት አለፈ። የዚያን ቀን ምሳ አቅርቤለት እጁን ሳይዘረጋ ተቀመጠ። ምን ሆንክ ስለው "ቆለፈች" አለኝ።

ከበላይ እንግዳ የመጣ ቀን ግን "ጋሼ፣ ዛሬ በር ላይ ይሁኑልን" ይሉታል። ለክፍል ረዳት የተፈቀደ የሥራ መደብ ስላልነበረ ዘበኛ ክፍል ውስጥ ምን ይሠራል ተብሎ ርእሰ መምህሩ ይጠየቃል። ባለቤቴም ዱላውን ይዞ በሩ ላይ ይቆማል። ልጅቷ ተከትላው መጥታ እግሩ ሥር ትቀመጣለች። እንዲህ ያለ ቀን ቤት ሲገባ ዱላውን ግድግዳ አስደግፎ "ይች መደብ አላት፤ መደብ የሌለኝ እኔ ነኝ" እያለ ይስቃል። አንድ ጊዜ ብቻ ሳይስቅ እንዲህ አለኝ፦ "ምንም አይስጡኝ። ግን አንድ ቀን ሰው ፊት ቆመው፣ ይኼ ሰውዬ ሲሠራ የኖረው ይኼን ነው ብለው ቢያነቡልኝ።"

ስለዚህ ሄድኩ።

ያን መንገድ አብረን የሄድነው አንዴ ብቻ ነው፣ ለእህቱ ሠርግ። እኔን በመስኮቱ በኩል አስቀመጠኝ። መስታወቱ አይዘጋም ነበርና ነፋሱ እንዳይመታኝ ጋቢውን በመስኮቱ ላይ ያዘልኝ። ጉንደ ወይን ስንደርስ ክንድህ አይደክምም ወይ ብዬው ነበር፤ እስከ ሞጣ እጁን አላወረደም። አሁንም በመስኮቱ በኩል ተቀመጥኩ። መስታወቱ ደህና ይዘጋል።

አዳራሹ ውስጥ በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ተቀመጥኩ። አጠገቤ ሻሿን አሳምራ ያሰረች የሞጣ እስላም ሴት ነበረች።

"እህቴ፣ በሩን ልትጠብቂልን ነው?" አለችኝ። ወዲያው የለበስኩትን ጥቁር ከል አየችና አፏን ያዘች። "ውይ፣ አላህ ያጽናሽ፤ ወላሂ አላየሁም።"

"ግድ የለም፤ ባሌም በር ጠባቂ ነበር" አልኳት። የመጣሁበትን ነገርኳት።

"እኔም በወረቀት ጽዳት ነኝ" አለች። "ከልጆቹ ሌላ የያዝኩት ነገር የለም፤ መጥረጊያውን እንኳ የት እንዳስቀመጡት አላውቅም። እነዚያን ታያቸዋለሽ? የባሌ እህቶች ናቸው። ጽዳት አገባ እያሉ ሲያሙኝ ኖረዋል። ዛሬ ይስሙ።"

ተሸላሚዎቹ አንድ በአንድ ተጠሩ። መድረክ መሪው ወጣት ነው፣ ድምፁ ያምራል። የእያንዳንዱን ሥራ አንብቦ ሲጨርስ እልልታው ይቀልጣል። የእሷ ሲነበብ አንገቷን ቀና አድርጋ የባሏን እህቶች ብቻ ታይ ነበር።

የእሱ ስም ሲጠራ ተነሳሁ። መድረክ መሪው ከሌን ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ወንድማችን በሕይወት የሉም። ነፍስ ይማር። ባለቤታቸው ይቀበሉልናል።" አዳራሹ በሙሉ ቆመ። አንድ ሹም ሁለት እጁን ዘርግቶ "እግዚአብሔር ያጽናዎት" አለና ፖስታውን ሰጠኝ፤ ክርኔን ደግፎ ወደ ደረጃው መለሰኝ። መድረክ መሪው በእጁ ያለውን ወረቀት ሳያነበው ወደ ታች ገለበጠው።

አልተቀየምኳቸውም። ሐዘንተኛ ፊት የሟችን ሥራ ማንሳት ሙሾ ማውረድ ነው፤ በቦታቸው ብሆን እኔም እንደዚሁ አደርግ ነበር። አንድ ደረጃ ወረድኩ። ሁለተኛው ላይ እግሬ እምቢ አለኝ።

"ልጄ፣ የእሱን አላነበብከውም" አልኩት።

"እናቴ፣ ሐዘንዎን እንዳንቀሰቅስ ብለን ነው።"

"ተቀስቅሶ ነው የመጣው። አንብብልኝ።"

ሹሞቹን አየ። እነሱም እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከኋላ የዚያች ሴት ድምፅ መጣ፤ "አንብብላት እንጂ ልጄ። ከቢቸና ድረስ የመጣችው ለፖስታ ነው?"

ወረቀቱን ገልብጦ አነበበ። በጥበቃ የሥራ መደብ ተቀጥረው፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ተማሪዎች ራሳቸውን ችለው እንዲለብሱ፣ እንዲመገቡና ከሰው ጋር እንዲኖሩ ለአሥራ አንድ ዓመት በክፍል ረዳትነት አገልግለዋል፤ ይላል። ይኸው ነው። ትንፋሼን ሳልሰበስብ አለቀ። ድገመው ለማለት አፈርኩ። እልል ያለ አልነበረም፤ ሰው እንደ ቆመ ቀረ። እኔ ግን "በክፍል ረዳትነት" የሚለውን ሰምቻለሁ፤ ሰውም ሰምቷል።

ቢቸና ስመለስ ጎረቤቶቼ ተሰብስበው ጠበቁኝ። "ምን ሰጡሽ?" አሉኝ።

"አነበቡለት" አልኳቸው። እነሱ ግን የሚያዩት ፖስታውን ነበር።

እሱ ቢኖር ከመነሻው ጀምሬ እንድነግረው ያደርገኝ ነበር። ማን አጠገብ ተቀመጥሽ፣ ምን አለችሽ፣ እንዴት አድርጎ አነበበው ይለኛል፤ አንዱን ብዘል መልሶ ያስጀምረኛል። ከዚያ ደግሞ በእሱ ቦታ ስለገባችው ሴት ይጠይቀኛል። አሁን ልጆቹን የምትይዘው እሷ ናት፤ የተቀጠረችው በተላላኪነት ነው። መደብ ተፈቀደላት ወይ ይለኛል። ሞጣ ላይ ያን ሁሉ ሹም አግኝቼ ይህን መጠየቅ ትዝ አላለኝም። የእሱን ብቻ ይዤ ሄጄ የእሱን ብቻ ይዤ ተመለስኩ።

ሰኞ ትምህርት ቤቱ ሄጄ ርእሰ መምህሩን ጠየቅሁት።

"ገና ነው እትዬ" አለኝ። "ጽፈናል፤ መልስ አልመጣም።"

"መልስ ሲመጣ ይነግሩኛል?"

"እነግርዎታለሁ።"

ይነግረኛል። እኔ ደግሞ ለማን እንደምነግረው እያሰብኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ።