የእንግሊዞቹ ቤትና የእኔ ሲሚንቶ

ደቡብ አፍሪካ፣ ጀርሚስተን ከተማ የተከራየነው ቤት ድሮ ለወርቅ የመጡ እንግሊዞች የሠሩት ነው። ፊቱ ጠባብ ነው፤ በወርድ የነፈጉትን በቁመት የካሱት ይመስላል። ግራና ቀኙን ግድግዳ ከጎረቤት ይጋራል። ደረጃው ቀጥ ያለ ስለሆነ ባለቤቴ እርጉዝ ሳለች ስትወጣ እጄን ዘርግቼ ከኋላ ከኋላዋ እከተላት ነበር። በየክፍሉ የእሳት ምድጃ አለ፤ ወለሉ ሳንቃ ነው፤ መስኮቱ ወደ ላይ እየተንሸራተተ ነው የሚከፈተው። ከውጭ ደግሞ በግድግዳው ግርጌ፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ የተበሳሱ ጡቦች በየቦታው ገብተዋል። ለጌጥ መስለውኝ ነበር።

ልጃችን በሰኔ ተወለደ። እዚህ ሰኔ አጥንት ሰርስሮ የሚገባ ብርድ ነው። አንድ ጠዋት በሳንቃዎቹ መሃል ቀጭን ነፋስ ሽው ብሎ እግሬን ነካኝና ደነገጥኩ። አራስ ቤት ነፋስ! እኛ ዘንድ አራስ ያለችበት ቤት በሩ እንኳ ገርበብ ብሎ አይተውም። ሱቄን ከሌባ ስጠብቅ ቀዳዳ መድፈን ለምጃለሁና አላመነታሁም። ሲሚንቶ አቡክቼ የተበሳሱትን ጡቦች አንድ በአንድ ደፈንኩ። የምድጃዎቹን አፍ በጣውላ መታሁ፤ የመስኮቶቹን ዳር ዳር በፕላስተር ለጠፍኩ። ገንፎ ይዘው የመጡት የቤተ ክርስቲያን እህቶች «ቤቱ እንዴት ይሞቃል!» እያሉ አመሰገኑኝ። ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

ብዙ ሳምንት ሳይቆይ ግድግዳው ያልበው ጀመር። ከአልጋው ጀርባ ጥቁር ሻጋታ ወጣ፤ ልጁ ሲተነፍስ ደረቱ ሲጥ ሲጥ ይል ጀመር። ክሊኒክ ወስደን መድኃኒት ሰጡን፤ ይሻለውና መልሶ ይነሳበታል። ባለቤቴ «ቤቱ ታፍኗል» ብላ ፕላስተሩን እየላጠች መስኮት ትከፍታለች። እኔ ደግሞ ከሱቅ ስገባ ክፍት ካገኘሁት እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ እዘጋዋለሁ። «ልጁን በብርድ ልትገድዪው ነው!» አልኳት፤ አንዴ ሁለቴም አይደለም። እሷም ልጁን አቅፋ ደረጃውን ትወጣለች።

ነሐሴ ላይ የሳሎኑ ሳንቃ ከእግሬ ሥር ተሰበረ። አከራያችን አንድ ሽማግሌ አናጢ ላከልን። ሽማግሌው የተሰበረውን ነቅሎ እጁን ወደ ታች ሰደደና ሳንቃውን ከተሸከመው ወራጅ ላይ እርጥብ እንጨት እንደ ዳቦ ቆርሶ አወጣ።

«ስማ ልጄ፣» አለኝ፤ «እነዚህ ሰዎች ወለሉን ከአፈሩ በላይ አንጠልጥለው ነው የሠሩት። ከሥሩ ነፋስ ካላለፈ እርጥበቱ ወደ እናንተ ይወጣል። ውጭ ያሉትን ቀዳዳዎች ማነው የደፈናቸው?»

ባለቤቴ ልጁን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ፊቴ ጋለ። እሷ ቀደመችኝ።

«ኖ ባባ፣ ስንገባም ተደፍኖ ነው ያገኘነው» አለችው።

ሁለት ወር ሙሉ በልጇ የወነጀልኳት ሴት በሰው ፊት እንዳላፍር ዋሸችልኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «እኔ ነኝ የደፈንኩት» አልኩ፤ ለሽማግሌው በእንግሊዝኛ፣ ለእሷ ደግሞ በአማርኛ። ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀና መሮና መዶሻ አቀበለኝ።

ውጭ ወጥቼ ግድግዳው ሥር ተንበረከክሁና ሲሚንቶውን መፈልፈል ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቀዳዳ ሲከፈት ከውስጥ የሻገተ፣ እርጥብ አየር ፊቴን መታኝ። ልጄ ሲተነፍሰው የከረመው ይህንን ነበር።