ቢጫ ነጥብ ያለበት ድንጋይ

እኔ ብዙ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የሆነውን ግን እንደሆነ እጽፋለሁ።

ከደባርቅ በታች፣ ከማሳችን ግርጌ የሚነድ ጥቁር ድንጋይ አለ። የድንጋይ ከሰል ይሉታል። ከአጠገባችን ካለው ፓርክ እንጨት መልቀም ሲከለከል እሱን እየቆፈርኩ ቤት ውስጥ ማንደድ ጀመርኩ። ጎረቤቶቼ «ይገማል» ብለው ሸሹት። እኔ ደግሞ ሰው አይሆንም ሲለኝ ይብስብኛል።

በሦስተኛው ዓመት ሚስቴን ሳል ያዛት። መዳፏም ላይ እንደ ሽምብራ የጠጠረ ነገር ወጣ።

«ይሄ ድንጋይህ ነው» አለች።

«ብርዱ ነው» አልኳት።

አንድ ቀን ከጎንደር ኬሚስት መጣች፤ ድንጋይ የምትመረምር ልጅ ናት። ምድጃችንን አይታ አፍንጫዋን ያዘች።

«አባባ፣ አንዳንዱ ከሰል አርሴኒክ የሚባል መርዝ አለበት። በዓይን አይታይም፤ የሚለየው ቤተ ሙከራ ነው። ከሚቆፍሩበት ሞልተው ይላኩልኝ» ብላ ንጹሕ ላስቲክ ሰጠችኝ።

ስሞላው እጄ የለመደውን አደረገ። እኛ ለቤተ ክርስቲያን መገበሪያ ስንዴ ስንሰጥ እንክርዳዱን ጥለን፣ ፍሬ በፍሬ ለቅመን ነው። ለተማረ ሰው ቆሻሻ እንዴት ይላካል? ጥቁሩንና የሚያብለጨልጨውን መረጥኩ። ቢጫ ነጥብ ያለበትን ሁሉ ወደ ጓሮ ወረወርኩ። እሱ ለኛ ምድጃ ሆነ።

ከወር በኋላ ልጅቱ ወረቀት ይዛ መጣች። ከሰሉን እንደ ዱቄት ፈጭታ፣ በአሲድ አሟሙታ፣ ፈሳሹን ለማሽን ሰጥታ አስለክታዋለች።

«መርዙ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም» አለች።

«ሰማሽ?» አልኩ ወደ ሚስቴ ዞሬ። «ብርዱ ነው አላልኩም?»

ሚስቴ ወደ ልጅቱ ጠጋ አለች። መዳፏን ዘረጋችላት። ልጅቱ መዳፉን አየች፤ ወረቀቱን አየች፤ ደግማ መዳፉን አየች።

«አይገጥምም» አለች። «አባባ፣ እንደተቆፈረ ነው የሞሉት? አልመረጡም?»

ጓሮ ያለው ክምር ታየኝ። ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? ከሚስቴ ጋር ስከራከርበት የኖርኩት ነገር በወረቀት መጥቶልኛል። ሚስቴ ሳለች። ሳሏ አላቆም አለ።

«መርጫለሁ» አልኩ።

«ምኑን ጣሉት?»

«ቢጫ ያለበትን።»

«አባባ! የምፈልገው እሱን ነበር እኮ! መርዙ ብዙ ጊዜ የሚያድረው እዚያ ቢጫው ላይ ነው። የት ጣሉት?»

«እኔን ጠይቂኝ» አለች ሚስቴ ምድጃውን በአገጯ እያሳየች። «ጠዋት ማታ የማነደው እኔ ነኝ።»

እሳቱን ያን ጊዜውኑ በአመድ አፈንኩት። ልጅቱ ጉድጓዱ ወርዳ ከላይም ከመሐልም ከሥርም፣ ጥሩውንም መጥፎውንም ቀላቅላ ሞላች። ልረዳት ብል «እርስዎ እጅዎን ጋቢዎ ውስጥ ይክተቱ» አለችኝ።

እስክትመለስ በኩበት ሰነበትን። እኔና ሚስቴ ስለ ብርድ አንድም ቃል አልተነጋገርንም።

ልጅቱ ስትመጣ አልቀመጥም አለች። ወረቀቱን ሳታነብልኝ ፊቷ ነገረኝ። «ዛሬውኑ ሐኪም ይያቸው» አለች።

በቅሎዬን ጫንኩ። ሚስቴን በቅሎዋ ላይ አውጥቼ ልጓሙን እየሳብኩ የደባርቅን ዳገት ተያያዝነው። ንፋሱ ፊት ይገርፋል። መሐል መንገድ ላይ ከላይ ሆና ነጠላዋን አፏ ላይ እየጠቀለለች፣

«ብርዱ በረታ መሰል?» አለችኝ።

ዞር ብዬ ላያት አልቻልኩም።

«ድንጋዩ ነው» አልኳት።