የየኔታ ዝማሜ በሁለት ዲስክ

ወይንእሸት ፋንታ ቢቸና መናኸሪያው አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ሠርግና ምርቃት እየቀረጸች ትተዳደራለች። ሙያውን የለመደችው ደብረ ማርቆስ፣ አንድ ቪዲዮ ቤት ተቀጥራ ሳለ ነው። ወደ አገሯ ስትመለስ «ሴት ካሜራ ተሸክማ ሙሽራ ፊት ትቆማለች?» ያሏት ነበሩ። ዛሬ የሠርግ ቀን ከመቁረጣቸው በፊት መቼ እንደሚመቻት የሚጠይቋት እነዚያው ናቸው።

በ2007 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ዲያቆን አካለ ወልድ ከሞጣ መጣ። እዚያ ያስተምራል፤ እሱን ያስተማሩት ግን ቢቸና ያሉት አረጋዊው መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ናቸው።

«የኔታ እየደከሙ ነው» አላት። «ዜማውንማ በሞባይል ቀድተናል። በመቋሚያ የሚዘመመው ግን በጆሮ ብቻ አይያዝም። መቋሚያው መቼ እንደሚነሣ፣ እግር መቼ እንደሚራመድ መታየት አለበት። የእኛም በአካባቢው ያሉትም ጉባኤ ቤቶች ዲቪዲ ማጫወቻ አላቸው፤ ለሁሉም ይባዛል።»

«በፍላሽ ብሰጥህስ?»

«ፍላሽ ዛሬ ማኅሌት፣ ነገ ፊልም ይጫንበታል። ዲስክ የተጻፈበትን አይለቅም።»

ወይንእሸት በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጧት ጧት ቀረጸቻቸው፤ አንዱን ካሜራ ፊታቸው ላይ፣ ሌላውን እግራቸው ላይ አነጣጥራ። ሲደክማቸው ይቀመጣሉ፤ ሲበረቱ ይነሣሉ። ከዚያ ሱቋ ገብታ እያንዳንዱን ዜማ ለየብቻ ከፋፈለች፤ ተማሪው በሪሞት የፈለገውን እንዲመርጥ ስሙን ሜኑው ላይ ጻፈች። ሥራው ካንድ ዲስክ ትንሽ ተረፈ። እሷም መሪጌታ ዝም ብለው የቆሙባቸውን ቦታዎች ቆርጣ ባንዱ ዲስክ አስገባችው።

ባለቤቱ ሳያይ ማባዛት ልማዷ አይደለም። አንድ መሞከሪያ ዲስክ ቀድታ፣ ከዲያቆኑ ጋር ወደ መሪጌታ ቤት ሄደች። ቴሌቪዥንና ማጫወቻ ከጎረቤታቸው ከወይዘሮ ፈንታነሽ ተዋሱ።

ዜማው ሲጀምር አዛውንቱ ተነሥተው ከምስላቸው ጋር መዝመም ያዙ። መሐል ላይ ግን ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያሉት መሪጌታ ቀድመው ተራመዱ፤ ቤት ውስጥ የቆሙት መሪጌታ ወደኋላ ቀሩ።

«ልጄ፣ እዚህ ጋ ቆሜ ነበር። ማን አራመደኝ?»

«እኔ ነኝ፣ የኔታ። ዝም ያሉበትን ቆረጥሁት፤ ባዶ መስሎኝ።»

«ዝም አልሁ እንጂ አልተውሁም። ተማሪ ክብደቱን ካንዱ እግር ወደ ሌላው የሚያዞረው ያኔ ነው። እሱ ከጠፋ ይሮጣል። ዝማሜ ደግሞ ሩጫ አይደለም።»

ውጭ ሲወጡ ዲያቆኑ ተጨነቀ። «ጥምቀት ደረሰ እኮ። ለጥምቀት ብዬ ቃል ገብቻለሁ። እንዲሁ ብታባዥውስ? ጉድለቱን መምህራኑ ለተማሪው ይነግሩታል።»

«ስሕተቱ አሁን ያለው አንድ ዲስክ ላይ ነው» አለችው። «ከተባዛ በኋላ ከየጉባኤ ቤቱ ማን ይለቅመዋል? አትስጋ፣ ይደርሳል።»

የቆረጠችውን ሁሉ መለሰች። ጥራቱን ቀንሳ ባንድ ዲስክ ልታገባው ሞከረች፤ ምስሉ ሲደበዝዝ እግራቸው ከቀሚሳቸው ጫፍ አልለይ አለ። ተወችውና ሥራውን በሁለት ዲስክ ከፈለችው። መሞከሪያዎቹን ሱቅ ውስጥ ካሉት ማጫወቻዎች አሮጌው ላይ ከፈተች፤ አዲሱ ሁሉንም ይቀበላል፣ ገጠር ያለው ግን እንደ አሮጌው ነው። ሜኑው ላይ አንዱ ስም ሲነካ ሌላ ዜማ ይከፍት ነበር። አስተካክላ እንደገና ሞከረች፤ ከዚያ ተመልሳ ወደ መሪጌታ ወሰደችው።

በዚህኛው ሰውዬውና ምስላቸው እኩል ጀምረው እኩል ጨረሱ። መሪጌታ ላባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«አሁን እኔው ነኝ» አሉ። «አባዢው።»

መብራት እየሄደ ቢያስቸግራትም አልተጣደፈችም። እያንዳንዱን ዲስክ ስታወጣ መጀመሪያውንና መጨረሻውን አጫውታ ታያለች፤ የተንቀራፈፈውን ትጥላለች። ለከተራ ዲያቆን አካለ ወልድ ካርቶኑን ታቅፎ በሞጣ አውቶቡስ ተሳፈረ።

ከፋሲካ በኋላ ከግንደወይን አንድ ሸምገል ያሉ መምህር ደወሉላት። የየኔታን ዲስክ ሞጣ እንዳዩት ነገሯትና «የእኛንስ መቼ ትቀርጪልናለሽ?» ሲሉ ጠየቋት።

«በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ» አለች ወይንእሸት። «ግን በመጀመሪያው ቀን ካሜራ አላወጣም። እርስዎ ሲዘምሙ ቁጭ ብዬ ልይ።»