ከነጠብጣቡ ጀርባ

በዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ክፍል አንድ አሮጌ ስክሪን ሲሞቅ የአቧራ ሽታ ሸተተኝና ሆሳዕና ያለው ቤታችን ትዝ አለኝ።

ታላቅ ወንድሜ ተስፋዬ፣ የሚሠራበት ክሊኒክ የነበሩ ፈረንጆች ሲሄዱ የተዉለት፣ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝ ትንሽ ኮምፒውተር ነበረው። ማታ መብራት ሲመጣ እማዬ ከጓዳ ስትወጣ «ላቀች» የሚለው ስሟ ስክሪኑ ላይ ይጠብቃታል። ተስፋዬ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ በኋላ ስክሪኑን ነጭ ነጠብጣብ ሞላው። እማዬ ስሟ ከነጠብጣቡ ጀርባ ያለ ስለመሰላት ሬዲዮ ጠጋኝ ወንድሟን ከሆመቾ አስጠራችው።

አጎቴ ኮምፒውተሩን ከቴሌቪዥኑ የሚያገናኘውን የተበጠሰ ሽቦ በብየዳ ካውያ ማያያዝ ጀመረ።

«ቀስ በል፣ ስሜን እንዳታቃጥልብኝ!»

«ስም እንደ ሽንኩርት ያርራል እንዴ፣ እታለም?» ብሎ ሳቀ።

ነጠብጣቡ ጠፋ። በጠራው ስክሪን ላይ አንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች።

«ስሜስ?» አለች እማዬ።

አጎቴ ሳቁን ተወ። «ይሄ ዕቃ መብራት በጠፋ ቁጥር ይረሳል። ተስፋዬ ማታ ማታ እንደ አዲስ ሲጽፍልሽ ነበር። አሁን እኔ ልጻፍልሽ?»

እማዬ የኮምፒውተሩን ቁልፎች በእጇ ሸፈነች። «ተወው። እሱ መጥቶ ይጻፈው። እስከዚያ እንዳታጠፉት።»

ማንም አላጠፋውም። የከተማው ጄኔሬተር ግን እንደ ልማዱ አምሽቶ ቆመ፤ ቤቱ ጨለመ። ተስፋዬም አልተመለሰም።

ዛሬ በዩኒቨርሲቲው ባዶ ስክሪን ላይ «ላቀች» ብዬ ጻፍኩ። ጥቂት አየሁትና ፊደሎቹን አንድ በአንድ አጠፋኋቸው።