ቦሎኛ ውስጥ የት ይበላል?

ጣሊያን አገር፣ ቦሎኛ ውስጥ የት እንደሚበላ ከጠየቃችሁኝ እነግራችኋለሁ። ከትልቁ አደባባይ ጀርባ ካሉት ጠባብ መንገዶች በአንዱ፣ አሣ ሻጮቹን አልፋችሁ፣ የአሳማ ታፋ እንደ መጋረጃ የተሰቀለበት ሱቅ አለ፤ እዚያ ቆማችሁ ቅመሱ። ተቀምጣችሁ መብላት ከፈለጋችሁ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሰፈር ሂዱ። አንዲት ሴትዮ መስኮት አጠገብ ሊጥ ሲዳምጡ ታያላችሁ፤ ግቡ። ስፓጌቲ በስጎ ብላችሁ አትዘዙ፤ እዚያ ስጎው የሚቀርበው በሰፊውና በጠፍጣፋው ፓስታ ነው። ደግሞም አትዘግዩ፤ ከቀትር በኋላ ብዙ ከቆያችሁ ወጥ ቤቱ ይዘጋል።

ሄጄ አላውቅም። ካርታው ላይ ግን በጣቴ ያልሄድኩበት መንገድ የለም። የበሉ ሰዎች የጻፉትን፣ ያነሱትን ፎቶ፣ በር ላይ የተለጠፈውን የምግብ ዝርዝር ሳይቀር እያጎላሁ አንብቤያለሁ። ግጥምም የተማርኩት እንደዚሁ ነው፤ አስተማሪ ሳይኖረኝ፣ በብሬክ ሰዓት፣ ስልክ ላይ። ይህን ሁሉ ያስጠናችኝ አንዲት ልጅ ናት።

እኔ የማውቀው ጣሊያን ላስ ቬጋስ ያለው ነው። የምሠራበት ምግብ ቤት ካዚኖ ሆድ ውስጥ ነው። ጣሪያው ሰማይ ተደርጎ ተቀብቷል፤ ደመናው አይንቀሳቀስም፣ ቀኑም አይመሽም። እንግዶቹ ከሥሩ ተቀምጠው ወይን ይጠጣሉ፣ ቀና ብለውም «ውጭ ያለን አይመስልም?» ይባባላሉ። ሥራዬ ሳህን ማንሣት ነው። ባሰር ይሉናል።

ሳህን ሲያነሣ የሚውል ሰው ሳያስበው የሚለምደው ነገር አለ። ማን እንደተጣላ ሳህኑ ይነግረዋል፤ ምግቡ ወዲህና ወዲያ ተገፍቶ አልተበላም፣ ዳቦው ግን ተቆራርሶ አልቋል። ገና የተዋወቁ ሲሆኑ የአንዳቸው ሳህን ግማሽ ላይ ይቆማል፤ ሌላኛው ፍርሃቱን ከነስጎው ጠርጎ ይበላዋል። ማንም ሳይነግረኝ ጠረጴዛውን አይቼ ሰዎቹ እንዴት እንደተለያዩ አውቃለሁ። በዚህ እኮራ ነበር።

ልጅቷ እዚሁ አገር የተወለደች ናት። እናቷ ሴንቴኒያል ሂልስ የሚባለው ሰፈር ይኖራሉ፤ እሷ የሕንፃ ንድፍ ትማር ስለነበር ሜሪላንድ ፓርክዌይ የሚባለው መንገድ ላይ ከጓደኞቿ ጋር አፓርታማ ተከራይታለች። እኔ በዲቪ የመጣሁ ነኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ብቻ ሆነን የበላነው እዚያው ሰፈር፣ ከጎማ ቤት አጠገብ ባለች ትንሽ የአበሻ ምግብ ቤት ነው። ፓስታ በስጎ አዘዝኩ። አንድ ሳህን በሁለት ሹካ መጣ።

«ዌይት፤ የኔስ?» አለች።

«ይኸው እኮ።»

«ሁለታችን? ከአንድ ሳህን?»

እነሱ ቤት እንጀራም ቢሆን በየሳህን ነው የሚበላው። እናትየው በሺፍት ስለሚሠሩ እናትና ልጅ ሰዓታቸው ተገጣጥሞ አብረው የሚቀመጡበት ቀን ጥቂት ነበር።

«ከፊትሽ ብቻ ብይ። ወደ እኔ እንዳትሻገሪ» አልኳት።

«ቦርደር አለው?»

«አለው። መሀል ላይ ስንደርስ እናቆማለን።»

«ከዛስ? ያ መሀል ያለው ለማን ነው?»

«አንቺ ለእኔ ትተያለሽ፤ እኔ ላንቺ።»

«ሁለታችን ከተውንስ?»

«ይተርፋላ።»

«ኦ ማይ ጋድ፣ ዌስት ነው እኮ፣ ይባክናል!» ብላ ሳቀች። መሀል የቀረችውን ሹካዋ ላይ ጠቅልላ አፌ ውስጥ ከተተችው። የቤቱ ባለቤት ከወዲያ ማዶ «ኧረ ቀስ፤ ጥርሱን እንዳታወልቂው፣ ገና ያገባል!» አሉ። ከዚያ ቀን በኋላ የትም ስንሄድ አንድ ሳህን ነበር የምናዘው። እኔ የምሠራበት ቤት እንግዳ ሆና ስትመጣም አንድ ሳህን ትላለች፤ አስተናጋጆቹ ቆጥቋጣ እያሉ ያሟታል፣ እሷ ደንታ የላትም።

ቦሎኛ ሄዳ አንድ ዓመት እንድትማር ሲፈቀድላት መጀመሪያ የነገረችው ለእኔ ነው። «ስፕሪንግ ላይ ትመጣለህ፤ ፕሮሚስ?» አለችኝ። ፕሮሚስ አልኩ። ግሪን ካርድ ይበቃል ብለን ነበር ሁለታችንም። እሷ በሕይወቷ ቪዛ ተጠይቃ ስለማታውቅ አልፈርድባትም። እኔ ደግሞ የያዝኩት የኢትዮጵያ ፓስፖርት እንደሆነ እያወቅሁ፣ እሷ «ምን ችግር አለ?» ስትል ችግሩ እውነት የሌለ መሰለኝ። ለቪዛ ቀጠሮ ማስያዝ እንዳለብኝ ያወቅሁት እሷ ከሄደች በኋላ ነው። የቀጠሮውን ገጽ ጠዋት ከአልጋ ሳልወርድ እከፍታለሁ። ክፍት ቀን የለም ይላል። ነገም የለም ይላል።

እስከዚያው በስልክ አበላት ጀመር። ቦሎኛ እራት ሲሆን ላስ ቬጋስ ረፋድ ነው፤ የምሳ እንግዳ ሳይመጣ እኛ ናፕኪን የምናጥፍበት ሰዓት። ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ ትራመዳለች፣ እኔ እመራታለሁ።

«በረንዳው ውስጥ ነኝ። አያልቅም ይሄ ነገር።» እዚያ ከተማ የእግረኛው መንገድ ከቤቶቹ ሥር በቅስት የተሸፈነ ስለሆነ ዝናብ ቢዘንብም ጃንጥላ አያስፈልግም።

«ወደ ግራ ታጠፊ። አረንጓዴ በር ይታይሻል?»

«አይታይም… ዌይት፤ አየሁት! አንተ ግን እንዴት ነው የምታውቀው? ክሪፒ ነህ፤ ታስፈራለህ።»

«ግቢና ብቻዬን ነኝ በያቸው።»

«ብቻዬን ማለት ያስጠላል።»

«እንግዲያው ጓደኛዬ ስልኬ ውስጥ አለ በያቸው።»

እሷ ትበላለች፣ እኔ አጥፋለሁ። በሹካዋ ጠቅልላ ወደ ካሜራው ስታስጠጋልኝ አፌን እከፍታለሁ። አብሮኝ የሚሠራው ሜክሲኳዊ ትከሻዬን መትቶ ይስቃል። ጨው በዝቷል፣ አንሷል፣ ስጎው ቲማቲም የለውም ትላለች። የበላሁ ያህል ጠግቤ ወደ ሥራዬ እገባለሁ። ጣሊያን ውስጥ አንድ ቀን እንገናኛለን ብዬ ሳይሆን፣ በእያንዳንዱ በር ቀድሜያት እየገባሁ ስለነበር የሄደች አይመስለኝም ነበር።

የገና በዓል ካለፈ በኋላ ጥሪዋ ሳሳ። ፈተና አለብኝ ትላለች። «የት ልብላ?» ብላ በጽሑፍ ትጠይቀኛለች፣ እጽፍላታለሁ፣ ልብ ትልክልኛለች። አንድ ረፋድ ፎቶ መጣ። «አንተ ያልከው ቦታ! ቤስት ነው!» ይላል። ተበልቶ ያለቀ ሳህን ነው፣ ሊነሣ የደረሰ። ፎቶ ማንሣቱን ረስታው መጨረሻ ላይ ትዝ ብሏት ይሆናል።

ናፕኪኑን አስቀመጥኩ።

ብቻውን የሚበላ ሰው ከአንድ ወገን ጀምሮ እየቆፈረ ይሄዳል፣ ወይም ከመሀል ይጀምራል። ይህ ሳህን በሁለት ወገን ተበልቷል። በወዲህ በኩል ስጎው በሹካ ተለቅሟል፤ በወዲያ በኩል በዳቦ ተጠርጓል፤ እሷ ደግሞ ስጎ በዳቦ አትጠርግም። መሀል ላይ አንድ ጉርሻ የምታህል ፓስታ ቀርታለች። አንዱ ለሌላው የተዋት።

ደወልኩላት። ወዲያው አነሣችው።

«ከማን ጋር በላሽ?»

«ምን?»

«ሳህኑ ላይ ሁለት ሰው አለ።»

ከጀርባዋ የሹካና የሰው ድምፅ ይሰማል።

«ፍሬንድ ነው» አለች በኋላ። «ከክላስ።»

«የዚያው አገር ልጅ ነው?»

«አዎ።»

«ፈረንጅ ከፊቱ ብቻ ይበላል እንዴ?»

«እኔ አስተማርኩት» አለች። ማልቀስ ስትጀምር አማርኛዋ ይጠፋታል። «አልፈለግኩም እንደዚህ እንድታውቅ። ልነግርህ ነበር። አይ ስዌር፣ ልነግርህ ነበር። አንተ አትመጣም፣ እኔ ሁልጊዜ ብቻዬን ነኝ እላለሁ፣ ሁልጊዜ…»

ያንን አልጨረሰችውም። እኔም እንድትጨርሰው አልጠየቅኳትም። ብትዋሸኝ እመርጥ ነበር፤ ውሸት ቢሆን እቆጣ ነበር። አልተቆጣሁም። የምሳ እንግዶች መግባት ስለጀመሩ «ሥራ አለብኝ» ብዬ ዘጋሁት። ያን ቀን ከተቀባው ሰማይ ሥር ስመላለስ ሳህን ላለማየት ሞከርኩ። ሥራዬ ሳህን ማየት ነው። ተሳሳቁ፣ ተኮራረፉ፣ አብረው በሉ፤ ሁሉንም እየጠረግሁ ወደ እጣቢው ገለበጥኩት። ግጥም ለመጻፍም ሞክሬ ነበር። የመጣልኝ ሁሉ ከሳህኑ ያነሰ ሆነብኝ።

ሁዳዴ ከገባ በኋላ እናቷ ደወሉ። «አንተ ልጅ፣ ጠፋህ። ና፣ ሻንጣዬን አብረን እንይ» አሉኝ። ሊጠይቋት ቦሎኛ ሊሄዱ ነው። መለያየታችንን አላወቁም ብዬ ሰጋሁ። ሴንቴኒያል ሂልስ ስደርስ ሳሎኑ መሀል ሻንጣው አፉን ከፍቷል። ሽሮ፣ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ዳቦ ቆሎ በየፌስታሉ ታስሯል።

«ተቀመጥ» አሉ። «ነግራኛለች።»

ተቀመጥኩ።

«ዕድሜዬን ካዚኖ ካርድ ሳከፋፍል ኖሬ የሰው ፊት ማንበብ አያቅተኝም፤ ሳትነግረኝም በፊት በስልክ ቪዲዮ ስትስቅ አይቼ ነው ያወቅሁት። ፈረንጅ ነው አይደል?»

«ነው አሉ፣ እትዬ።»

«እኔ ከእሱ ጋር ማዕድ አልቀርብም። ጾሜን ነኝ እላለሁ፤ ሃይማኖት ነው፣ ማን ምን ይለኛል? ብቻዬን የምበላበት ንገረኝ። ያንን ከተማ አንተ ነህ የምታውቀው ብላኛለች። ለጾም ፓስታ መቼም አይጠፋም።»

«የዚያ አገር ፓስታ በእንቁላል ነው የሚቦካው፣ እትዬ።»

«ጉድ በል! ፓስታ የጾም አይደለም?»

«የእነሱ አይደለም።»

«ይኸው! እሱን ራሱ ሰበብ አደርገዋለሁ።»

ደስ አለኝ፤ ይህን መደበቅ አያስፈልገኝም። አንድ ሰው ለእኔ ብሎ ሲያኮርፍ ደስ አለኝ። እሷ ከዚያ ልጅ ጋር ተቀምጣ፣ እናቷ ፊታቸውን አዙረው ሌላ ቤት ሲበሉ ታየኝ። ዝም ብል ይበቃ ነበር። ግን እናትና ልጅ አብረው የሚቀመጡበት ቀን ስንት እንደሆነ አውቃለሁ። እናት አልበላም ብላ ስትነሣ ልጅቷ ምን እንደምትሆንም አውቃለሁ፤ ሹካዋን ይዛ ትቀራለች፣ ለአንዳቸውም አማርኛ አይመጣላትም።

«አንድ ቤት አለ» አልኩ። «ከአደባባዩ ጀርባ፣ በሩ ብዙ የማይታይ። ምግብ አይሸጡም። መጠጥ ብቻ ነው የሚሸጡት፤ ምግብዎን ይዘው ይገባሉ።»

«የራሴን? የጾሜን?»

«በሶዎንም ቢሆን። እነሱም የራሳቸውን ይዘው ይገባሉ። ጠረጴዛው ረጅም ነው፤ ከማያውቁት ሰው ጋር ነው የሚቀመጡት። እርስዎ የራስዎን ይበላሉ፣ እነሱ የራሳቸውን።»

«አንድ ገበታ ላይ?»

«አንድ ገበታ ላይ።»

ድርቆሹን ትተው ወደ እኔ ዞሩ። ያቺን ቤት ለልጃቸው ነግሬያት አላውቅም ነበር። ሁሉንም በር ሰጥቻታለሁ፣ ያቺን ግን እኔ ለምሄድበት ቀን አስቀምጫት ነበር።

«አብረሃት ልትገባበት ነበር» አሉ።

«ስልክዎን ያምጡ፣ እትዬ፤ ካርታው ላይ ላስቀምጥልዎት።»

«ሞኝ ነህ አንተ ልጅ።»

«ነኝ።»

ስልካቸውን ሰጡኝ። በጣታቸው መንገዱን ሁለት ጊዜ አስኬድኳቸው። ጋዝ ያለው ውሃ እንዴት እንደሚጠየቅ አስጠናኋቸው፤ እየሳቁ ደገሙት። ስወጣ ሻንጣውን እስከ መኪናው ልያዝልዎት አልኩ፤ ገና ቅዳሜ ነው የምሄደው አሉኝ።

በሳምንቱ፣ ናፕኪን እያጠፍኩ ሳለ እናቷ ከዚያ ደወሉ። ጫጫታ ነው፤ ወንበር ይጎተታል፣ ሰዎች ይስቃሉ።

«አገኘነው» አሉኝ። «እውነትህን ነው፤ ሁሉም የየራሱን ፈትቶ ይበላል። እኔም በሶዬን በጠበጥኩ።»

«እሰይ።»

«ያ ልጅ…» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፣ ጥፋት እንደሠራ ሰው። «ዳቦ ቆሎዬን አስቀመስኩት። ጨረሰው። አፍሮ አፍሮ ነው የበላው። ምን ላድርግ፤ ክፉ አይደለም።»

ከጀርባቸው ሳቋ ይሰማኛል። ከማንም ሳቅ እለየዋለሁ።

«ይብላ፣ እትዬ» አልኩ።

«አንተስ? በልተሃል?»

«በልቻለሁ» አልኳቸው። ምንም አልበላሁም ነበር።