የሄሊኮፕተር ማረፊያ ፍለጋ ወደ አምባሰል

ከደሴ የተነሣሁት ሜዳ ልፈልግ ነው። የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። ጦርነቱ ከአካባቢያችን ራቅ ካለ ወዲህ አንድ የእርዳታ ድርጅት መኪና ከማይደርስባቸው ቀበሌዎች ክፉኛ የተጎዱ ሰዎችን በሄሊኮፕተር ለማንሣት አሰበ። ማረፊያ የሚሆን ቦታ መኖሩን አይቶ የሚመጣ ሰው ሲፈለግ አለቃዬ «አንቺ የአገሩን ሰው ታውቂያለሽ» ብሎ ላከኝ። ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት። ከገደል የወደቀ፣ በሬ የወጋው፣ ጥይት የመታው ሰው ቀኑን ሙሉ በቃሬዛ ሲንገላታ ውሎ እጃችን ላይ ሲያልፍ ብዙ አይቻለሁ። ቀደም ብሎ ቢደርስ ይድን ነበር ብሎ ፊት መሸፈን ከሌላው ሞት ሁሉ ይከብዳል።

ከደሴ እስከ ውጫሌ

ነዳጅ በመጥፋቱ የሚኒባሱ ታሪፍ በእጥፍ ጨምሯል፤ የሚከራከር ግን የለም። ሐይቅ ከተማ ወርደን የተጠበሰ ዓሣ በዳጣ በላን። ባጃጆቹ ይንጫጫሉ፣ ዓሣ ሻጮቹ ይጣራሉ፤ ከተማዋ ነፍስ ዘርታለች። ከሐይቅ ስናልፍ ግን ተሳፋሪው አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ ዞረ። በመንገዱ ዳር የተቃጠለ የጭነት መኪና ተጋድሟል። የአምባሰል ተራራ በግራችን ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ጫፉ ጉም ውስጥ ገብቷል።

ውጫሌ መናኸሪያ የጠበቀችኝ ዘይነባ ናት። ከዓረብ አገር የተመለሰች፣ ቀይ ሻሽ ያሰረች፣ ግራ እግሯን የምታነክስ ሴት። ለማረፊያ ወደታሰበው መንደር መንገድ እንድታሳየኝ ወረዳው የላካት እሷን ነው፤ የትውልድ መንደሯ ነው።

ሽቅብ

ባጃጁ ኮረኮንቹ ላይ አውርዶን ተመለሰ። ከዚያ በኋላ በእግር ነው። ዘይነባ እያነከሰች ትቀድመኛለች።

«እግርሽን ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

«በረሃ መሃል ሰው ቤት ስሠራ፣ መስኮት ስወለውል ከፎቅ ወደቅሁ። ዓይኔን ስገልጥ ሰማይ ላይ ነኝ። ሞቼ ሩሔ እየሄደች ነው ብዬ ሸሃዳ ያዝኩ። ሄሊኮፕተር መሆኑን በምን አውቄ?» ሳቀች። «ሐኪሞቹ ኋላ ሲነግሩኝ፣ በመኪና ቢሆን ደሜ መንገድ ላይ ያልቅ ነበር። ወላሂ፣ ለኔ ለሰው ቤት ሠራተኛዋ ሄሊኮፕተር ላኩ እኮ፣ ሲስተር!»

መንደሩ ስንደርስ የመጀመሪያው ነገር ጸጥታው ነው። ልጆች አሉ፤ ግን ሁለት ሆነው እንኳ አይጫወቱም፤ በየደጃፉ አንዳንድ ሆነው ተቀምጠዋል። ነጭ ልብስ የተሰጣበት አጥር የለም። ከደጅ የቆመ ሰው ሁሉ ጥላ ሥር ነው። አንድም ሰው ቀና አይልም።

ያሳደሩን የመንደሩ ሽማግሌ ሼህ እንድሪስ ናቸው። የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

«ልጄ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ድሮን የሚባለውን አይተናል። ከሰማይ የመጣ ምን ጥሎ እንደሄደም አይተናል። ሐኪም ነው ብትዪን ማን ያምንሻል?»

ሜዳውን ግን አሳዩኝ። በዚያ ገደላ ገደል ውስጥ አንድ ለጥ ያለ መሬት አለ፤ ሣሩ ጉልበት ይደርሳል። ላሞች ዳሩ ድረስ መጥተው ይቆማሉ፤ አይገቡም። ማን እንደከለከላቸው አላየሁም።

«በጦርነቱ ጊዜ ወድቀው ያገኘናቸውን እዚህ ቀበርን» አሉ ሼሁ። «ስማቸውን አናውቅም። ከየትኛው ወገን እንደሆኑም አልጠየቅንም። አፈሩ ለስላሳ ስለሆነ ከዚያ ወዲህ የራሳችንንም ሰው እዚሁ እናመጣለን።»

መቃብሩ ከአንዱ ጠርዝ ተነሥቶ ወደ መሃል እየገባ ነው። የቀረው ለሄሊኮፕተር ይበቃል፤ ግን በጭንቅ ነው።

ጥሪው

በማግሥቱ ጠዋት ከዘይነባ ጋር ሜዳውን በገመድ ስንለካ ስልክ ጮኸ። የኔ አይደለም፤ የሷም አይደለም። ድምፁ የሚመጣው ከገደሉ ሥር ነው።

ዘይነባ ገመዱን ለቀቀች። «የሁሴን ስልክ ነው።»

ሁሴን እዚሁ መንደር የሚኖር ወንድሟ ነው። ሚስቱ ዓረብ አገር ናት። መንደሩ ውስጥ ኔትወርክ ስለሌለ በየጠዋቱ ገደሉ አፋፍ ያለ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ይደውልላት ነበር። ገደሉ ሥር ደግሞ ጭራሽ ኔትወርክ ገብቶ አያውቅም አሉ። ግን ጮኸ፤ ቆመ፤ እንደገና ጮኸ። በድምፁ ተመርተን ወረድን።

ሁሴን ድንጋዮች መሃል ወድቋል። ዓይኑ ተገልጧል። የጭኑ አጥንት ተሰብሯል፤ እሱስ ይታሰራል። ሆዱን ስነካው ግን እንደ ጣውላ ደርቋል። ውስጥ ለውስጥ እየደማ ነው። የሚያድነው ኦፕራሲዮን ብቻ ነው፤ ኦፕራሲዮን ያለው ደሴ ነው። በሰማይ ቢሆን ሻይ ተፈልቶ እስኪጠጣ ይደረሳል፤ ሄሊኮፕተሩ ግን ገና ሥራ አልጀመረም።

ቁልቁል

እግሩን በእንጨት አሰርኩ፤ የያዝኩትን አንድ ግሉኮስ ሰካሁለት። እስላሙም ክርስቲያኑም ወጥቶ ቃሬዛውን እየተቀባበለ ይዞት ወረደ። እኔ ግሉኮሱን ከፍ አድርጌ እከተላለሁ። ሁሴን ባቃሰተ ቁጥር አሳርፈው «አብሽር፣ ደረስን» ይሉታል። አልደረስንም።

ግማሽ መንገድ ላይ ሼሁ የነገሩኝ የድሮን ድምፅ መጣ። እንደ ንብ ቀፎ ጥዝ ይላል፤ ከየት በኩል እንደሆነ አይለይም። ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን ዛፍ ሥር አኖሩና በየቁጥቋጦው ተበተኑ። ከሁሴን ጋር ብቻዬን ቀረሁ።

ዘይነባ አልተደበቀችም። እያነከሰች ወደ ገላጣው ወጣች፤ ቀይ ሻሿን ፈታች፤ ወደ ሰማይ ታውለበልብ ጀመር።

«ተቀመጪ! ታስፈጂናለሽ!» አላት አንዱ ከተደበቀበት።

«እዚህ ነው!» ትላለች ወደ ላይ። «ወንድሜ እዚህ ነው! እዚህ!»

ድሮኑ አናታችን ላይ የዞረ መሰለኝ። እያየን እንደሆነ ገላዬ አወቀው። ምን ብሎ እንደሚያየን ግን አላወቅሁም።

ሁሴን ከንፈሩን አላወሰ። «ለኔ ነው የመጣው?»

እጁን ጨበጥኩት። ድምፁ ቀስ እያለ ከተራራው ጀርባ ገባ።

አስፋልቱ ላይ ስንደርስ ያስቆምነው ሚኒባስ ተሳፋሪዎች ማንም ሳያዛቸው ወርደው ቦታ ለቀቁልን። ሐይቅ ከተማ ሳንገባ፣ ውኃው ከሩቅ ጸጥ ብሎ ሲታየን ሁሴን ትንፋሹን አቆመ። ደረቱን ብጫነውም አልተመለሰም። ዘይነባ በሻሿ ፊቱን ሸፈነችና ሾፌሩን «አዙረው፣ ወንድም ጋሼ» አለችው።

እንደገና ሽቅብ

ተሸካሚዎቹ ካወረዱን ቦታ ገና አልተነሡም፤ ጥላ ሥር ውኃ ይጠጡ ነበር። ሚኒባሱ ሲመለስ አዩ። ተነሥተው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ሲወርድ ለሕመሙ ብለው በየቦታው ያሳርፉት ነበር፤ ሲወጣ አንድ ጊዜም አላሳረፉትም።

ከሁሴን ቤት ደጃፍ ሼህ እንድሪስ ጎረምሶቹን ሜዳው ላይ ቀብር እንዲቆፍሩ አዘዙ። ዘይነባ ከሴቶቹ መሃል ተነሣች።

«ሜዳው ላይ አትቅበሩት።»

«ልጄ፣ ላይኛው መቃብር ዐለት ነው። መግሪብ ሊደርስ ነው።»

«ዐለቱን ፍለጡት። እዚያ አንድ ሰው በተቀበረ ቁጥር ማረፊያው እየጠበበ ነው። የኔ ወንድም ሞቷል፤ ምንም አይጠበውም። ሜዳውን ለሚድነው ሰው ተዉለት።»

ሼሁ ዶማውን ራሳቸው አነሡና ወደ ላይኛው መቃብር መንገድ ጀመሩ። ሌላው ተከተላቸው። ብረት ከዐለት ጋር ሲጋጭ እስከ ምሽት ድረስ ከቤት ውስጥ ይሰማን ነበር።

ደሴ

ቤቴ ገብቼ ልብሴን ላወልቅ ስል ግሉኮሱን ይዛ የዋለች ክንዴ አልታዘዝ አለችኝ፤ እናቴ ናት ያወለቀችልኝ። ከገደል የወደቀ ሰው ሄሊኮፕተር ያስፈልገዋል ወይ ለሚለኝ ከእንግዲህ ብዙ አልከራከርም፤ የሁሴንን ሆድ በእጄ ዳስሻለሁ። ከጉዞው የተማርኩት ሌላ ነው። ማረፊያ መሬቱ ብቻ አይደለም፤ ሰዉ ሳይሸሽ ቆሞ የሚቀበለው መሆን አለበት።

በማግሥቱ አለቃዬ «ሜዳ ተገኘ?» አለኝ።

«ተገኝቷል።»

«ሕዝቡስ ይቀበላል?»

«መጀመሪያ ማንም ሳይጎዳ አንድ ቀን ይምጣላቸው» አልኩት። «ይረፍ፤ ሞተሩን ያጥፋ። ልጆቹ ይንኩት፤ ሼሁ ውስጡን ይዩት። ድምፁን ከሌላው ድምፅ ይለዩት።»

እስክርቢቶውን አስቀመጠና አየኝ። «ያለ በሽተኛ?»

«ያለ በሽተኛ» አልኩት።